ዜና ብርሃን፤ ከዐፄ ፋሲል ድልድይ እስከ አራት ኪሎ

ዐፄ ፋሲል በጎንደር ነግሠው ሳለ፣ ከሞጣ በታች ዓባይ በዐለት መካከል ጠቦ በሚወርድበት ሥፍራ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ ተሠራ። ግንበኞቹ ድንጋዩን በኖራ አያይዘው ቅስቶቹን ከዳር እስከ ዳር ሰደሩ። ከዚያ ወዲህ የቢቸና ነጋዴ ከነጭነቱ፣ የዲማና የደብረ ወርቅ ተማሪ ከነአኩፋዳው፣ ዓባይ በሞላ ጊዜ እንኳ ወደ ጎንደር ማዶ ይሻገር ጀመር።

በዚያው ዘመን በኢጣልያ አገር፣ ቦሎኛ በምትባል ከተማ፣ ፍራንቼስኮ ግሪማልዲ የሚባል ካህን ነበረ። ማኅበሩ ዐፄ ፋሲል ከኢትዮጵያ ያስወጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ነው። ይህ ሰው ክፍሉን አጨልሞ በመስኮቱ መዝጊያ ላይ እጅግ ጠባብ ቀዳዳ በሳ፤ በቀዳዳውም የፀሐይ ብርሃን አስገባ። በብርሃኑ መንገድ ላይ ቀጭን ዘንግ ቢያቆም ጥላው ከሚገባው በላይ ሰፍቶ ታየ፤ በጥላው ዳርና ዳርም ቀለም ያላቸው መስመሮች ተሰለፉ። ብርሃን ቀጥ ብሎ ብቻ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ግሪማልዲ በ1663 ሞተ፤ ያየውን የጻፈበት መጽሐፍ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ታተመ። በዚህ ዜና የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1666፣ ዐፄ ፋሲል ሊያርፉ አንድ ዓመት ሲቀራቸው፣ በእንግሊዝ አገር ከወረርሽኝ የተነሣ አይዛክ ኒውተን የሚማርበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። እርሱም ወደ ትውልድ መንደሩ ተመልሶ ሳለ የፀሐይን ብርሃን በባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት አሳለፈና ነጩ ብርሃን የቀለማት ሁሉ ድምር መሆኑን አወቀ። በኋላም ብርሃን ከአብሪው አካል የሚወረወር እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ነው ወደሚለው አሳብ አዘነበለ።

ፋሲል አርፈው ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ጻድቁ ነገሡ። በእርሳቸውም ዘመን፣ በ1676፣ ኦሌ ሮመር የሚባል የዴንማርክ ሰው በፓሪስ ሆኖ ጁፒተር የተባለውን ፕላኔት የምትዞረውን የመጀመሪያዋን ጨረቃ ይቆጣጠር ነበር። ጨረቃዪቱ በጁፒተር ጥላ ውስጥ የምትሰወርበት ጊዜ ምድር ስትርቅ ይዘገያል፤ ስትቀርብ ይፈጥናል። ሮመርም ብርሃን ራሱ ለመድረስ ጊዜ እንደሚፈጅ ከዚህ ተረዳ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች ብርሃን በቅጽበት ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል ብለው ያምኑ ነበር።

ዐፄ ኢያሱ ታላቁ ሲነግሡ ክርክሩ ጠና። በ1690 የሆላንዱ ክርስቲያን ሁይገንስ ብርሃን ሞገድ ነው ብሎ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1704 ደግሞ ኒውተን የራሱን አሳተመ። የኒውተን ስም ገናና ስለነበረ መቶ ዓመት ያህል ቅንጣት ባዩ ወገን በረታ። የዚህ ዜና ጸሐፊ እንደሚያየው ኒውተንን የተከተሉት ከኒውተን ይልቅ ግትር ነበሩ፤ እርሱ ራሱ በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ የሚታዩትን የቀለም ቀለበቶች በጥንቃቄ ለክቶ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጧል፤ እነዚያን ቀለበቶች ደግሞ ሞገድ እንጂ ተራ ቅንጣት አያስረዳቸውም።

በ1770፣ በዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዘመን፣ ራስ ሚካኤል ስሑል በገነኑበት ዘመን፣ ያዕቆብ የሚባለው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ጎጃም ገብቶ ግሽ ደረሰ። ከጓዙ ጋር መነጽርና የኮከብ መለኪያ ይዞ ነበር። የቦታውን ኬንትሮስ ለማወቅ በኅዳር ወር ሌሊት ያችኑ ሮመር የተከተላትን የጁፒተር ጨረቃ ጠበቀ። የቀርከሃው ደን ሰማዩን ቢጋርድበትም የጨረቃዪቱን ግርዶሽ አየ። በዚያ ወቅት ጁፒተር ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ሊሰወር ተቃርቦ ስለነበር ያ ብርሃን ግሽ እስኪደርስ ወደ 50 ደቂቃ ፈጅቷል። የጁፒተር ጨረቃ ግርዶሽ በጎጃም ምድር ታይቶ ለጎጃም ካርታ የዋለው እንግዲህ በዚያ ሌሊት ነው።

ዘመነ መሳፍንትም ሆነ። ራስ ጉግሣ በደብረ ታቦር ተቀምጠው ነገሥታቱን በሚሾሙበትና በሚሽሩበት ጊዜ፣ የለንደኑ ሐኪም ቶማስ ያንግ የተረሳውን የሞገድ ነገር አነሣ። በ1803 ባቀረበው ሙከራ በጠባብ ቀዳዳ የገባውን የፀሐይ ጨረር በቀጭን ካርድ ጠርዝ ለሁለት ከፈለው። ግድግዳው ላይ ብሩህና ጨለማ መስመሮች እየተፈራረቁ ታዩ። በካርዱ በአንድ ወገን የሚያልፈውን ብርሃን ቢጋርደው ከጥላው ውስጥ መስመሮቹ ሁሉ ጠፉ። ነገሩ ልብ ሊባል ይገባል፤ ብርሃን በብርሃን ላይ ተጨምሮ ጨለማ ሆነ። ይህ በሞገድ ዘንድ የታወቀ ነው፤ የአንዱ ሞገድ ከፍታ በሌላው ዝቅታ ላይ ሲገጥም ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ከፍታ በከፍታ ላይ ሲገጥም ይበረታሉ።

የፓሪስ ሊቃውንት ጉባኤ በ1817 በዚሁ ነገር ውድድር አወጣ። ኦገስቲን ፍሬኔል የሚባል የመንገድ መሐንዲስ የሞገዱን ስሌት ጽፎ አቀረበ። ከዳኞቹ አንዱ ፑዋሶን ስሌቱን አንብቦ፣ «ይህ እውነት ከሆነ በክብ ነገር ጥላ መካከል ብሩህ ነጥብ መታየት አለበት፤ ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም» በሚል መንፈስ ተቃወመ። ሌላው ዳኛ ፍራንሷ አራጎ ግን ክርክሩን ትቶ ትንሽ የብረት ክብ በመስታወት ላይ ለጥፎ ሞከረ። በጥላው መካከልም ብሩህ ነጥብ ተገኘ። ሽልማቱንም ፍሬኔል ወሰደ።

አንቶዋን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ተቀመጠ። ታናሽ ወንድሙ አርኖ በጎጃሙ ገዥ በደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ሰፈር ከጦሩ ጋር ሲዘምት፣ አንቶዋን ከተራራ ወደ ተራራ እየወጣ በቴዎዶላይት የጫፎቹን ማዕዘን ይለካ ነበር። ጨረሩ ከሩቅ ተራራ እስከ መነጽሩ ሲመጣ በአየሩ ውስጥ ስለሚጎብጥ፣ ተራራው ካለበት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ለዚህ ማረሚያ ሳይገባ የተራራ ቁመት ልክ አይወጣም። የልኬቱ ውጤት ከ1860 እስከ 1873 ድረስ በፓሪስ ታተመ። ዳባዲ ወደ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ በ1850፣ ሊዮን ፉኮ ብርሃን በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ እንደሚዘገይ አሳየ። ቅንጣት ባዮች ይፈጥናል ይሉ ስለነበር በዚህ ድል ተነሡ።

ዐፄ ቴዎድሮስ መሳፍንቱን አስገብረው በነገሡበት ዘመን፣ በ1865፣ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ በገቡበት ዓመት፣ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የኤሌክትሪክንና የማግኔትን ሕግ አንድ አድርጎ ጻፈ። ከስሌቱ የወጣው የሞገድ ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት ጋር ገጠመ። ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነው ተባለ።

በ1887 ራስ አሉላ በዶጋሊ የጣሊያንን ጦር ደመሰሱ። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር በካርልስሩኸ ሃይንሪክ ኸርትዝ የማክስዌልን ሞገድ በእሳት ብልጭታ ለማስነሣት ይደክም ነበር። አንዱ መሣሪያ ብልጭ ሲል ራቅ ብሎ የተቀመጠው ሽቦም በጫፎቹ መካከል ደቃቅ ብልጭታ ይሰጣል። ኸርትዝ ይህችን ደቃቅ ብልጭታ አጥርቶ ለማየት በጨለማ ሣጥን ቢከልላት አጠረች። መስታወት ቢጋርድባትም አጠረች፤ የኳርትዝ ድንጋይ ቢጋርድባት ግን እንደነበረች ሆነች። ኳርትዝ ከሐምራዊ ወዲያ ያለውን የማይታይ ጨረር ያሳልፋል፤ መስታወት ያስቀራል። እንግዲህ ያ ጨረር ከብረቱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስለቅቅ ሆኖ ተገኘ። ኸርትዝ ያየውን ጽፎ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በተከታዩም ዓመት የሞገዱን ነገር አረጋገጠ። ሞገድነትን ለዓለም ያጸናው ሙከራ በዚያው ጠረጴዛ ላይ የሞገድን ብቸኛ ንግሥና የሚያፈርሰውን ፍንጭ መስጠቱ ይህን ጸሐፊ ሁልጊዜ ያስደንቀዋል።

ዐፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት በነበሩበት፣ በታኅሣሥ 1900፣ ማክስ ፕላንክ በበርሊን ከሊቃውንት ፊት ቆመ። በተከታዩ ወር የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አረፉ፤ ጎጃምም ስለ ሐዘኑ እንጂ ስለ በርሊን የሰማ አልነበረም። ፕላንክ የጋለ አካል ለምን በዚያ መጠን ቀይና ቢጫ ብርሃን እንደሚሰጥ ሲያሰላ፣ ኃይል ያለ ገደብ ተሸራርፎ የሚሰጥ ከሆነ ስሌቱ አይገጥምም አለ። በጊዜው በቢቸና ገበያ ሸቀጥ በአሞሌ ጨው ይገዛ ነበር፤ አሞሌ ከተሰበረ ዋጋው ስለሚወድቅ ሰጪውም ተቀባዩም በሙሉ አሞሌ ይቆጥራል። የፕላንክም ኃይል እንዲሁ በሙሉ በሙሉ የሚቆጠር ነው፤ የእያንዳንዱም መጠን ከሞገዱ ድግግሞሽ ጋር ይጨምራል፤ የሰማያዊው ከቀዩ ይበልጣል።

ፕላንክ ይህን የስሌት ዘዴ አድርጎ ነበር የያዘው። አልበርት አይንስታይን ግን በ1905 ብርሃን ራሱ በእሽግ እሽግ ይጓዛል ብሎ ጻፈ። ፊሊፕ ሌናርድ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አግኝቶ ነበር፤ ብርሃኑ ሲበረታ ከብረቱ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ይበዛሉ፣ የእያንዳንዳቸው ጉልበት ግን አይጨምርም። ጉልበታቸውን የሚለውጠው የብርሃኑ ዓይነት ነው። በአይንስታይን አሳብ ነገሩ ወዲያው ተፈታ፤ አንድ እሽግ አንድ ኤሌክትሮን ይመታል፤ እሽጉ ጉልበት ካነሰው ሺህ ጊዜ ቢደጋገም የሚያስለቅቀው የለም።

ዛሬ በሞጣና በቢቸና ገጠር በቆርቆሮው ላይ የተሰቀለው ሶላር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሲሊከኑን የሚመታው እሽግ በቂ ጉልበት ካለው ኤሌክትሮን ይነቀላል፤ ሞባይል ይሞላል። ሶላሩን ማታ ከምድጃው አጠገብ ቢያቆሙት ግን ፍሙ ፊት ቢያቃጥልም ይህ ነው የሚባል ኤሌክትሪክ አይሰጥም፤ የፍም ሙቀት በአብዛኛው ደካማ እሽግ ነው። በፎቶ ቤት የሠራ ሰውም ይህን ያውቃል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀይ አምፖል ይበራል፤ ወረቀቱ አይበላሽም። በሩ ለአፍታ ተከፍቶ የቀን ብርሃን ከገባ ግን ወረቀቱ ሁሉ ይጠቁራል። የቀዩ እሽግ በወረቀቱ ላይ ካለው የብር ጨው ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ አቅም የለውም፤ የሰማያዊው አለው። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንም ይሠራ የነበረው በዚህ የብር ጨው ነው።

እሽጎቹ ስለሚበዙ ዓይን አይለያቸውም። አንድ ዋት አረንጓዴ ብርሃን በየሴኮንዱ ከሁለት ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን በላይ እሽግ ይረጫል። ስለዚህ በ1909 የካምብሪጅ ተማሪ የነበረው ጄፍሪ ቴይለር ተቃራኒውን መንገድ ያዘ። ብርሃኑን በጠቆረ መስታወት እጅግ አደከመውና የመርፌን ጥላ በፎቶ ሰሌዳ ላይ ሦስት ወር ያህል አነሣ። እሽጎቹ በአማካይ አንድ በአንድ ያልፉ ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም ሰሌዳው ሲታጠብ በመርፌው ጥላ ዙሪያ የሞገድ መስመሮች እንደ ወትሮው ጠርተው ወጡ።

የሰገሌ ጦርነት በተደረገበት በ1916 አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን የአይንስታይንን አሳብ ሐሰት ነው ብሎ ዐሥር ዓመት ያህል ከለፋ በኋላ፣ ቁጥሩ ሁሉ ለአይንስታይን መስክሮ መገኘቱን አሳተመ። ቁጥሩን በቅንነት አወጣ፤ አሳቡን ግን ያን ጊዜም አልተቀበለም። ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባችበት በ1923 አርተር ኮምፕተን ኤክስሬይ ኤሌክትሮንን ሲመታ ሁለቱም እንደተጋጩ ቅንጣቶች እንደሚነጥሩ አሳየ። ከዚያ ወዲያ የተጠራጠረ ጥቂት ነው። እሽጉም ፎቶን የሚለውን ስም አገኘ።

ወደ ድልድያችን እንመለስ። በጠላት ወረራ ዘመን፣ የበላይ ዘለቀ አርበኞች በቢቸና በኩል፣ ሌሎችም በየበረሃው ጠላትን ሲያስጨንቁ፣ ከሞጣ በታች ያለው ድልድይ መካከለኛ ቅስቱ ፈረሰ። የጣሊያን ጦር እንዳይሻገር አርበኞች አፈረሱት ይባላል። ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆነ። ጠላት ከወጣ በኋላም ስልሳ ዓመት ያህል ሳይጠገን ቀረ። መሻገር የፈለገ ሰው በወገቡ ገመድ ያስራል፤ ከወዲህና ከወዲያ ስብራት ላይ የቆሙ ጎበዛዝት ገመዱን ይስባሉ፤ ተሻጋሪው በዓባይ ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። እናት ልጇን ይዛ፣ በሽተኛ ሐኪም ፍለጋ፣ ገበያተኛ እህሉን አስቀድሞ እንዲህ ይሻገር ነበር።

በ1999 የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሰዎች በዓባይ ሸለቆ ሲጓዙ ፎቶ አንሺዋ ኔቫዳ ዊር ይህን አየች፤ በገመድ የሚሳበውንም ሰው አነሣችው። በዚያ ቅጽበት የሆነው ይህ ነው። ከፀሐይ የተነሡ ፎቶኖች ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ያህል ተጉዘው ከጥቁሩ ድንጋይ፣ ከገመዱና ከሰውዬው ልብስ ነጥረው ወደ ካሜራው ገቡ። ሌንሱ ላይ ሲደርሱ መንገዳቸው የሞገድ መንገድ ነው፤ ሌንሱ ያጎበጣቸውና በአንድ ላይ የሰበሰባቸው በሞገድ ሕግ ነው። ፊልሙ ላይ ሲያርፉ ግን እያንዳንዱ ፎቶን ያረፈው በአንድ የብር ጨው ቅንጣት ላይ ነው። ጥቂት ፎቶን ያገኘች ቅንጣት ሁለት ሦስት አራት የብር አቶም ትቋጥራለች፤ ፊልሙ ሲታጠብ እርስዋ ትጠቁራለች፣ ጎረቤቷ ትቀራለች። በዚያ ፊልም ላይ የግሪማልዲም የአይንስታይንም ነገር አብረው ተጽፈዋል።

ፎቶው በታኅሣሥ 2000 እትም ወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው አይቶት ዝም ማለት አልቻለም፤ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፣ ሰባራ ድልድይም የመጀመሪያ ሥራው ሆነ። በ2002 የአገሬው ሰው ከእርሱ ጋር ሆኖ በፈረሰው ቅስት ላይ ብረት ዘረጋ። በ2005 ዓባይ ሞልቶ ብረቱን ወሰደው። በ2009 ከጎርፉ በላይ ከፍ ብሎ በገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ።

የብርሃን ነገር ግን በኮምፕተን አላበቃም። በ1986 በፈረንሳይ አላን አስፔ፣ ፊሊፕ ግራንዢዬና ዤራር ሮዤ በእርግጥ አንድ በአንድ የሚወጡ ፎቶኖችን አግኝተው ሁለቱንም ጠባይ፣ የቅንጣትንና የሞገድን፣ ፈተኑ። ፎቶኑን መንታ መንገድ ላይ አድርሰው በየትኛው ሄደ ብለው ሲጠብቁት በአንዱ ብቻ ተገኘ፤ ሁለቱን መንገድ መልሰው ሲያገናኙት ደግሞ በሁለቱም እንዳለፈ ሞገድ መስመር ሠራ። ይህን ማንም ማለዘብ አይችልም፤ የሚታየው እንዲህ ነው።

ይህ ትምህርት ኳንተም ኦፕቲክስ ተብሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሰዷል። በአራት ኪሎ የፊዚክስ ክፍል ፕሮፌሰር ፍሥሐ ካሣሁን ረጅም ዘመን አስተምረውበታል፤ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚበቁ ተማሪዎችም አፍርተውበታል። በ2008 የኳንተም ኦፕቲክስን መሠረት የሚያስተምር መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። የእርሳቸውና የተማሪዎቻቸው ዋና ጉዳይ የተጨመቀ ብርሃን የሚባለው ነው። ማንኛውም ብርሃን፣ የተረጋጋው የሌዘር ብርሃን እንኳ፣ በውስጡ መንቀጥቀጥ አለበት። ያንን መንቀጥቀጥ ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ በአንድ ወገን ግን መጭመቅ ይቻላል፣ ትርፉ በሌላው ወገን ይወጣል። ነገሩ በወረቀት ላይ የሚቀር እንዳይመስል፣ ከሕዋ የሚመጣውን የስበት ሞገድ የሚያዳምጡት የአሜሪካ ታላላቅ መሣሪያዎች ከ2019 ጀምሮ በተጨመቀ ብርሃን ይሠራሉ። በአራት ኪሎ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሚሰላውና በእነዚያ መሣሪያዎች ውስጥ የሚሠራው የአንድ ዓይነት ብርሃን ስሌት ነው። ይህ አገር ለዚህ ትምህርት የሚገባውን ቤተ ሙከራ አለመገንባቱ ያስቆጫል፤ አሳቢ አላነሰውምና።

ትልቅ ቤተ ሙከራ እስኪመጣ ግን የቢቸናና የሞጣ የፊዚክስ መምህራን ሁለቱንም የብርሃን ጠባይ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማሳየት ይችላሉ። መጀመሪያ ክፍሉ ይጨልም። አንድ የራስ ፀጉር በትንሽ ካርቶን ቀዳዳ ላይ ተወጥሮ ይለጠፍ፤ ከገበያ የሚገዛው ቀይ የሌዘር መብራት በፀጉሩ ላይ ይብራ፤ ከሁለት ሜትር ወዲያ ያለው ግድግዳ ይታይ። ነጥቡ ወደ ጎን ተዘርግቶ በጨለማ መስመሮች ይቆራረጣል፤ ያንግ በካርዱ ያየው ነው። የጨለማዎቹ ርቀት 19 ሚሊሜትር ከሆነ፣ የቀዩ ሞገድ ርዝመት 0.00065 ሚሊሜትር ነውና በግድግዳው ርቀት፣ በ2000 ሚሊሜትር፣ ተባዝቶ ለ19 ሲካፈል የፀጉሩ ውፍረት 0.068 ሚሊሜትር ይወጣል። ማንም ወደ ሌዘሩ አፍ እንዳይመለከት መምህሩ ይጠንቀቅ።

ቀጥሎ ሁለት የደከሙ የባትሪ ድንጋዮች ተቀጣጥለው አንዴ በትንሽ ቀይ፣ አንዴ በትንሽ ሰማያዊ የኤልኢዲ አምፖል ላይ ይታሰሩ። ቀዩ ይበራል፤ ሰማያዊው እምቢ ይላል። ድንጋዮቹ ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሚሰጡት ጉልበት የቀይን እሽግ ይሞላል፤ የሰማያዊን አይሞላም። አዲስ ድንጋይ ሲገባ ሰማያዊውም ይበራል። ተማሪው የፀጉሩን ልክና የሁለቱን አምፖል ነገር በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ፈተና የሚወጣውም ከዚያ ገጽ ይሁን።